የወንድሜ «ተቀበል!»

የማስታምማቸው አሜሪካዊት ባልቴት ዛሬም የሟች ባላቸውን የሙዚቃ ባንድ ሸክላ አስከፈቱኝ። ፖልካ የሚሉት ፈጣን የጭፈራ ሙዚቃ ነው፤ አኮርዲዮኑ ሲፈጥን አንድ ሰው በደስታ ይጮኻል። አሳታሚው ጩኸቱን ጠልቶ ባንዱን እንደገና ቢያስቀርጸውም ባላቸው ደግመው ጮኹ፤ እንዲያው ከነጩኸቱ ታተመ። «እሱ ነው» ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ሸክላው ቀስረው።

እኔን ግን ጩኸቱ ደብረ ታቦር ይወስደኛል። በእህቴ ሠርግ ወንድሜ አዝማሪውን «ተቀበል!» እያለ ግጥም ሲሰጠው በካሴት ተቀድቶ ነበር። በዓመቱ ዘመተ፤ መርዶው መጣ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ካሴቱን ሳትከፍት አትውልም። የጉና ተራራ ብርድ በበሩ ስንጥቅ እየገባ፣ ቤቱ እርጥብ ገብስ እየሸተተ፣ የሠርጉ ጭብጨባ ይሞላዋል። ወንድሜ «ተቀበል!» ሲል እናቴ አዝማሪውን ቀድማ «እሺ ልጄ» ትላለች።

አንድ ቀን የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጥተው ሰሟት።

«አንቺ ወለተ ማርያም፣ ልጁን አሳርፊው እንጂ! ዕለት ዕለት እየጠራሽው እንዴት ይረፍ?»

«አባ፣ የሚጠራው እኮ እሱ ነው» አለች መስቀላቸውን ተሳልማ። «ዝም ልበለው?»

አባ ቴፑን ትክ ብለው አዩት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ወጡ።

ባለፈው እሑድ ስደውልላት እናቴ ስልኩን ወደ ቴፑ አስጠጋችልኝ። የካሴቱ ክር ከመደጋገም ብዛት ላልቶ ድምፁ ወፍሯል፣ ተጎትቷል። ሃያ ዓመት ሳይሞላው የሞተው ወንድሜ እንደ ሽማግሌ ሆኖ «ተቀበል!» አለ።

«ሰማሽው?» አለች እናቴ እየሳቀች። «ልጄ ሸመገለ እኮ።»

«ነፍስ ይማር» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት።