ሐዋ ግራፉን በጣቷ ስታነብ

አሶሳ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጀማሪ የሂሳብ መምህርት ሆኜ በገባሁበት ዕለት የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ጋሽ ደሳለኝ ጠመኔ፣ ዳስተርና ትልቁን የእንጨት ማስመሪያ አስረከቡኝ። የወለጋ ሰው ናቸው፤ ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት። “ግራፍ ስትሠሪ ጀርባሽን ለተማሪ አትስጪ፣ ጎን ለጎን ቁሚ። ሌላውን ክፍሉ ያስተምርሻል” አሉኝ።

ያደግሁት ባምባሲ ነው። ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ስል ከሚገባው በላይ ጮኼ አስተማርኩ።

በሂሳብ ሰዓት አንዲት ተማሪ ውጪ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ትቀመጥ ነበር። ሐዋ ትባላለች፤ የመንጌ ወረዳ ልጅ ናት። በልጅነቷ ታማ ዓይኗ ጠፍቷል። በትምህርት ቤቱ ደንብ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ሂሳብ አይማሩም ነበር። አንድ ቀን የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

“ቲቸር፣ ውጪ ሆኜ እሰማለሁ። ውስጥ ሆኜ ብሰማስ?”

“ግቢ” አልኳት።

ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አዝነውላት ነው። “ግዴታዋ ያልሆነ ትምህርት ጭነሽባት ብትወድቅስ? ሞራሏ አይነካም?”

“ራሷ ናት የጠየቀችኝ።”

“እንግዲያው አባቷ ይምጡ።”

አባቷ አቶ ኢድሪስ በጭነት መኪና ከመንጌ መጡ። ማሽላ ያርሳሉ፣ በበጋ ወርቅ ያጥባሉ። አፋቸውን የፈቱት በበርታኛ ስለሆነ በአማርኛ ሴቷንም ወንዱንም “እሱ” ነው የሚሉት። “ሐዋ ቤት ሲመጣ ቁጥር ብቻ ያወራል። ይወዳል። አንተ ለምን ይከለክላል?” አሏቸው። ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አሉና እስከ ሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና ፈቀዱ። ካለፈች ትቀጥላለች፣ ካላለፈች ወደ ማንጎው ትመለሳለች።

ፍጹም ዋጋን ወዲያው ገባት። “ከዜሮ ያለው ርቀት ነዋ! ወደ ግራ ብሄድም ወደ ቀኝ ብሄድም ርቀት ርቀት ነው።” ችግሩ የመጣው ግራፉ ላይ ነው። y = |x − 3| + 2ን ሰሌዳው ላይ ሠራሁና “እንዲህ ይወርድና እዚህ ጋ ታጥፎ እንዲህ ይወጣል” አልኩ። ሐዋ የብሬል መጻፊያዋን አስቀመጠች።

“ቲቸር፣ ‘እንዲህ’ ማለት እንዴት ነው?”

ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ ከአናጺ ቤት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ለምኜ አመጣሁ። ጋሽ ደሳለኝ ሳልጠራቸው መዶሻ ይዘው መጡ። ሁለቱን አክሲሶች፣ አግድሙንና ቁሙን መስመር፣ በስንጥቅ ቀርከሃ ሠራን፣ ቁጥሮቹን በሚስማር፣ ግራፉን መታጠፊያው ላይ በሚስማር በተወጠረ ሲባጎ። ሚስማሮቹን እኩል ያራራቁት እሳቸው ናቸው።

ሰኞ ሐዋ ሲባጎውን ከግራ ጀምራ በጣቷ ተከተለችው። ታችኛው ሚስማር ላይ ደርሳ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጣች። ፊቷ በራ። “ታጠፈ!” አለች።

“ዶሜይኑስ? ኤክስ የትኞቹን ቁጥሮች መሆን ይችላል?”

“ከኮምፔንሳቶው ጫፍ እስከ ጫፍ ያሉትን።”

ዓይናቸው የሚያይ ተማሪዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሲባጎውን ከሁለቱ ጫፍ ፈታሁና ከቱባው ረዘም አድርጌ ቀጠልኩበት። አንዱን ጫፍ ለሐዋ፣ ሌላውን ለጓደኛዋ ለመርየም ሰጠሁ። “ከፍ አድርጋችሁ እየያዛችሁ ተራራቁ” አልኳቸው። መርየም መስኮቱ ጋ ደረሰች። ሐዋ በሩን አልፋ ወጣች።

“ቲቸር፣ እዚህም ቁጥር አለ?”

“አለ።”

“ከዚህ ወዲያስ?”

“አለ።”

ሲባጎውን ወጠር አደረገች። “እንግዲያው ማለቂያ የለውም። ዶሜይኑ ሪል ነምበር በሙሉ ነው።” ክፍሉ አጨበጨበ።

ተመልሳ ታችኛውን ሚስማር ነካች። “ከዚህ በታች ግን ሲባጎ የለም። ፍጹም ዋጋው ቢያንስ ዜሮ ነው፤ ሁለት ሲደመርበት ሁለት። ሬንጁ፣ ዋይ መሆን የሚችላቸው ቁጥሮች፣ ሁለትና ከሁለት በላይ ነው።”

በፈተናው ቀን በቃል ጠየቅኳት፤ ርዕሰ መምህሩ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። የኮምፔንሳቶውን ግራፍ አላመጣሁም። ጥያቄው y = −|x + 1| + 4 ነበር። ሐዋ የሁለት እጇን ጣቶች ጫፍ ለጫፍ አጋጥማ እንደ ጎጆ ክዳን አደረገቻቸው። “ይሄ ተገልብጧል። ዶሜይኑ ያው ሁሉም ነው። ሬንጁ አራትና ከአራት በታች።” ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። “ከነገ ጀምሮ ስሟ በሂሳብ ስም መጥሪያ ላይ ይግባ” አሉኝ።

ሐዋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ አጠናች። ሂሳብ ነበር የፈለገችው፤ በጊዜው ግን መንገዱ ማየት ለተሳናቸው ክፍት አልነበረም። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። እኔ ከጀማሪ ተነስቼ መሪ መምህርት እስከመሆን ደርሻለሁ፤ ዶሜይንና ሬንጅን በየዓመቱ አስተምራለሁ።

አዲስ ለሚመጡ መምህራን የምለው ይህን ነው፦ ተማሪው አይችልም ከማለታችሁ በፊት ትምህርቱን በሚደርስበት መንገድ አቅርቡለት።