በሱምያ ወፍጮ ላይ የተሰበረው ቡሎን

ሽብሩ ሆሳዕና ውስጥ ጋራዥ ከከፈተ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሞተርን በሽታ ከድምፁ ይለያል ይባልለታል፤ እውነትም ይለያል። ቡሎን ተሰብሮ ሞተር ውስጥ የቀረበት ሰው ግን የእሱን በር አልፎ ሺንሺቾ ድረስ ይሄዳል፣ ሲላስ ዘንድ። ሁለቱ ሙያውን የተማሩት ከአንድ ሰው፣ ከአቶ ተክለጊዮርጊስ ነው። በአንድ ሳህን በልተዋል፣ አንድ ወለል ላይ ተኝተዋል። ሽብሩ ፈጣን ነበር፤ ሲላስ ዘገምተኛ። ሽማግሌው ግን ሥራ ሲከፋ፣ "እስቲ ሲላስን ጥሩልኝ" ይሉ ነበር። ያቺ ቃል ሽብሩ ጆሮ ከገባች አልወጣችም።

አንድ ማታ ሚስቱ ጣቢታ፣ ክፉ ሳታስብ፣ "ሲላስ እኮ እጁ ትዕግስት አለው" አለች። ሽብሩ እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ሌሞ ውስጥ የእህል ወፍጮ ያላት ሱምያ ደወለችለት። የናፍጣ ሞተሯን የውሃ ፓምፕ ከያዙት ቡሎኖች አንዱ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል።

"ጋሽ ሲላስን ጠርቻቸው ነበር፤ ዛሬ አይመቸኝም ስላሉኝ ነው እርስዎን ያስቸገርኩት" አለች።

"ችግር የለም" አላት። መንገዱን ሙሉ ግን "አይመቸኝም ስላሉኝ" የሚለውን ሲያላምጥ ሄደ።

ወፍጮ ቤቱ ደጅ ገብስና ስንዴ የጫኑ የፈረስ ጋሪዎች ቆመዋል፤ ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሽብሩ ፓምፑን ፈትቶ በስልኩ መብራት አየ። ቡሎኑ ከቀዳዳው አፍ ላይ አግድም ተቆርጧል። ከጎኑ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ድሮ ጥርሱ ተበልቶ የተጠገነ ነው። ከውስጥም ከውጭም ጥርስ የወጣለት ትንሽ የብረት ቀለበት ተጠምዝዞ ገብቶበታል። ሽብሩ በጥፍሩ ዳበሰው፤ መጋጠሚያው አይታወቅም። የማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም።

"ሁለት ቀን ፈጅቶባቸው ነበር፤ ግን ይኸው አራት ዓመቱ" አለች ሱምያ።

"እኔ ከምሳ በፊት እጨርሰዋለሁ" አላት።

አሠራሩን ያውቃል። ዘይት አጠጥቶ መቆየት፣ የተሰበረውን ጫፍ አስተካክሎ ልክ መሀሉ ላይ ነጥብ መምታት፣ ከዚያ በቀጭኑ ጀምሮ ቀስ እያሉ መብሳት። ያን ቀን ግን ዘይቱን አፍስሶ አልጠበቀም። ጫፉንም ሳያስተካክል በዓይኑ ገምቶ ድሪሉን ደገነ። ብረቱ ትንሽ ጮኸ፤ ከዚያ ድሪሉ ከጠንካራው ቡሎን ላይ ተንሸራቶ ለስለስ ያለውን የሞተሩን ግድግዳ በላው። ከዓይኑ ቀድሞ የእጁ አንጓ አወቀ። የቀዳዳው ጥርስ በአንድ ወገን ተጠርጎ ሄዷል።

"ምን ሆነ?" አለች ሱምያ።

ሽብሩ ቀና ሳይል፣ "ቀድሞ የነካው ሰው ነው ያበላሸው" አለ። "ጎኑን ሲጠግን ይህንንም አሳስቶታል።"

ሱምያ ስልኳን አውጥታ ሲላስ ጋ ደወለች፤ ሽብሩ ይህን አላሰበም ነበር። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችውና የሰማችውን ነገረችው።

ሲላስም መለሰ። "ሽብሩ አይቶት ነው ያለው? እሱ ካለማ እውነት ነው፤ ያኔ አሳስቼ ይሆናል። ነገ ጠዋት መጥቼ አስተካክላለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ሴቶቹ ጆንያቸውን መልሰው ጫኑ። አንዷ፣ "እኛ ደግሞ ሲላስ ሲላስ ስንል!" ብላ ሳቀች። ሽብሩ ይህን ቃል ዓመታት ተመኝቶታል። አሁን ሲሰማው ግን አልጣመውም።

በማግስቱ ሲላስ በሞተር ሳይክል መጣ፤ ሽብሩም የፈታውን ፓምፕ ሊያስር ተመልሶ ነበር። ሰላም ተባባሉ። ሲላስ ባትሪውን አብርቶ ቀዳዳውን አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ። የብረት አሮጌ ቁስል ይጠቁራል፤ ይህኛው እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ባትሪውን አጥፍቶ ለሽብሩ ሰጠውና፣ "ያዝልኝ" አለ።

ሽብሩ መብራቱን ይዞ ቆመ። ሲላስ የመጀመሪያውን ሰዓት ምንም ነገር አልበሳም። ቀዳዳውን ለካ፣ ነጥብ መታ፣ አልወደደውም፣ በትንሽ መሮ አጠፋው፣ እንደገና መታ። ሽብሩ እነዚያን ወፍራም ጣቶች እያየ ቀናበት። ሰውየው የተለየ መሣሪያ የለውም፤ የማይቸኩል ልብ ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ደግሞ የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ከሰዓት በኋላ የቡሎኑ ቅሪት ወጣ። ሲላስ ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ ጥርስ አወጣለት፤ ሺንሺቾ ቶርኖ ቤት አስቀርጾ ያመጣውን ቀለበት ጠምዝዞ አስገባ። ፓምፑ ታሰረ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ አልፈሰሰም።

ሱምያ እጇን አጣምራ ቆማ፣ "ስህተቱ የጋሽ ሲላስ ከሆነ፣ ከእንግዲህ መጀመሪያ የምደውለው ለጋሽ ሽብሩ ነው" አለች። ሲላስ አንገቱን ደፍቶ ዕቃውን ይሰበስባል።

"ሱምያ" አለ ሽብሩ። የሞተሩ ድምፅ ስለዋጠው ጠጋ ብሎ ደገመው። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሲላስ የነካው የለም። ትናንት ዋሸሁሽ።"

እሷ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሲላስን አየች። "አውቀህ ነው ዝም ያልከው?" አለችው ሲላስን፤ አንቱታው እንኳ ጠፋባት።

"ብረቱ ይናገራል" አለ ሲላስ። ከዚያ ወደ ሽብሩ ዞረ፤ ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቆረ። "ሌሊቱን አልተኛሁም እኮ። የት ላይ እንዳሳሳትኩ ሳስብ ነው ያደርኩት። ይህን አንተ ልታደርግብኝ?"

ሲላስ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ሄደ።

ሱምያ ከዚያ ወዲህ ለሽብሩ ደውላለት አታውቅም። ከሲላስ ጋር የታረቁት በገና ሰሞን ነው፤ ጣቢታ ናት ሺንሺቾ ድረስ ይዛው የሄደችው። ዛሬ የተሰበረ ቡሎን ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያገኝ፣ ሽብሩ ራሱ ለሲላስ ደውሎ ያገናኛል። ሰውየው እያመሰገነ ሲሄድ ግን አሁንም ትንሽ ይቀናል። ይህን ለጣቢታ ነግሯታል፤ ለሲላስ ገና አልነገረውም።