ሰርግ የማታውቀው መኪና

አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ እህል የሚነግድ ድርጅት አላቸው። እኔ ልጃቸውም ተቀጣሪያቸውም ነኝ፤ የድርጅቱን መኪና የምይዘውም እኔው ነኝ። አንድ ቀን ታዲያ ከገቢዎች አንድ ወጣት መጣና፣ መኪናዋ ለግል ጉዳይም የምታገለግል ከሆነ ጥቅሙ እንደ ደመወዜ ተቆጥሮ ግብር እንደሚቆረጥብኝ አስረዳን።

«ለግል?» አሉ አባቴ ቆጣ ብለው። «የኔ ልጅ፣ ይቺ መኪና ከእብናት እህል ገበያ በቀር መንገድ አታውቅም! ሰርግ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ሥራ ብቻ!»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አባቴ በጥር ቁልፏን ለሰርግ ተለምነው እምቢ ብለው አያውቁም። ለማን ለማን እንደሰጡ እንኳ ራሳቸውም አያስታውሱትም።

ወጣቱ መኪናዋን ዞራት። አንዱን የኋላ በር ሳበው፤ አልከፈት አለው። ሌላኛውንም ሳበ፤ ያው ነው። ይሄኔ ሳቁ አመለጠው።

«አባባ፣ እነዚህ በሮች እስካሁን አልተሠሩም እንዴ? በሰርጌ ቀን አልከፈት ብለውን፣ ሙሽራዬን በፊተኛው በር ከነቬሎዋ ጎትተን ነው ያወረድናት!»