በእንጦጦ ድብ የለም

የኃያላን መንግሥታትን ጠብ መጀመሪያ የሰማሁት ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከየካ ተራራ ሥር ከአባባ ቶላ አፍ ነው። አባባ ቶላ ከአጥራችን ቀጥሎ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ብዙ ዓመት በአንድ ኤምባሲ አትክልተኛ ሆነው ሠርተዋል። ጽጌረዳ ሲከረክሙ ከሾፌሩና ከዘበኛው የሰሙትን፣ ቤት ሲገቡም ከሬዲዮ የለቀሙትን ሁሉ ተረት አድርገው ያወሩልን ነበር።

ያኔ በሰፈራችን መብራት በየቤቱ አልገባም። ሲመሽ አራት አምስት ልጆች ደጃቸው እንሰበሰባለን። እሳቸው የባሕር ዛፍ ቅርፊት ያነዱና ጋዙ እንዳያልቅ ኩራዙን እፍ ይሉታል። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ፊታችን በፍሙ ሞቆ ጀርባችን ከተራራው በሚወርደው ብርድ እየተንቀጠቀጠ እንሰማለን።

ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ድሮ አንድ ገመሬ ዝንጀሮ ገደሉን ሁሉ ይገዛ ነበር። ኋላ አንድ ተኩላ አበደና ጫካውን አመሰው። ገመሬው፣ ንስሩና ድቡ ተባብረው ተኩላውን ገደሉት። ቆዳውን ሲካፈሉ ግን ተጣሉ፤ በመካከላቸውም አጥር አጠሩ። ገመሬው ጥርሱ አልቆ ነበርና ወደ ዋሻው ገባ፤ ጫካው ለንስሩና ለድቡ ቀረ።

«ታዲያ ሁለቱ ለምን አይደባደቡም?» ይላል ከመካከላችን አንዱ።

«ሁለቱም ጫካውን በሙሉ የሚያነድ ፍም በጉያቸው ይዘዋላ! አንዱ ከጣለው ሁለቱም ይነዳሉ። ስለዚህ የሚደባደቡት በሰው ግቢ ነው።»

«አንበሳስ የለም?»

«አንበሳ በዚህ ዘመን አይወራም» ይሉናል። ንጉሡ ከወረዱ ብዙ አልቆየም ነበር።

ገመሬው እንግሊዝ፣ ተኩላው ጀርመን፣ ንስሩ አሜሪካ፣ ድቡ ሩስያ መሆናቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ እንስሳ ብቻ ነበሩ።

ተረቱ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ንስሩ በእኛ ግቢ ዛፍ ላይ ሰፍሯል፣ ድቡ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያለውን ጎረቤታችንን ወዳጅ አድርጎ ቆመጥ አስታጥቆታል። ጎረቤትየው በዚያ ቆመጥ አጥር ጥሶ ገባና የአንድ ሽማግሌ ወይፈን ገደለ። ጠቡ ገና ሳይበርድ ንስሩና ድቡ ግቢ ተለዋወጡ። ድቡ ወደ እኛ መጣ፣ ንስሩ ወደ ጎረቤት በረረ። ሽማግሌውም የወይፈኑ ደም ሳይደርቅ ድቡን «እንኳን ደህና መጣህ» አለው።

ወይፈኑ ላይ ሲደርሱ አባባ ቶላ ይዘገያሉ። አመዱን በእንጨት እየጫሩ፣ ዝናብ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ እንዴት እንደሚጠብቃቸው፣ ጨው ከመዳፋቸው እንዴት እንደሚልስ፣ ግንባሩ ላይ በልጅነቱ ወድቆ ያገኘው ጠባሳ እንዳለ ይነግሩናል። እኛ ይሰለቸናል። «ድቡስ? ድቡስ ምን አደረገ?» እያልን እናጣድፋቸዋለን።

ልጃቸው ወታደር ነበር። በምሥራቅ ጦር ግንባር መሞቱ ከተነገራቸው ዓመት አልሞላም። የቀበሌ ሰዎች «ለጀግና አይለቀስም» ብለው ድንኳናቸውን እንዳስነሱባቸው ትልልቆቹ ሲያንሾካሹኩ ሰምቻለሁ። ከተረቱ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት፣ መምህራችን «የፋሺስት ተኩላዎችን የደመሰሰው፣ ዛሬም ከጎናችን የቆመው ታላቁ ወዳጃችን ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ።

«ድቡ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ አልሳቁም።

«የቱ ድብ?»

የማውቀው ነገር በመሆኑ ደስ ብሎኝ ከገመሬው እስከ ወይፈኑ ዘረገፍኩላቸው። ማን እንደነገረኝም ተናገርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አባባ ቶላና እኔ ቀበሌ ተጠራን። እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨብጣ እስከ በሩ አደረሰችኝ። ያኔ ቀበሌ ገብቶ ያልወጣ ሰው ነበር፤ ይህን ልጅም ያውቃል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ገና ወጣት ነው።

«አባባ፣ ተረት አዋቂ ነዎት አሉ።»

«ዕድሜ ያመጣው ነው፣ ልጄ።»

«ጓድ ይበሉኝ።»

«ዕድሜ ያመጣው ነው፣ ጓድ።»

«ዝንጀሮ እዚህ ገደሉ ላይ ሞልቷል። ንስርም አለ። ድብ ግን የት አዩ? በእንጦጦ ድብ አለ እንዴ?»

ጠመንጃ የያዙት አብዮት ጥበቃዎች ሳቁ። አባባ ቶላ አንበሳን ሲሸሹ ድብ ላይ እንደወደቁ እኔም ገባኝ።

«በእንጦጦ ድብ የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ዳዊት የገደለው ነው። መጽሐፉ አንበሳና ድብ ገደለ ይላል።»

«አንበሳውን ታዲያ ለምን ተዉት?»

«አንበሳውንማ እናንተ ገደላችሁት።»

ጥበቃዎቹ ሊቀ መንበሩን አዩት። ከዚያ አንዱ ጥበቃ ሳቁን ለቀቀው፤ ሊቀ መንበሩም ሳይወድ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ማሙሽ፣ ወይፈኑ የተገደለበት ቆመጥ የማን ነው?»

አባባ ቶላን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ለመምህርህ ነግረህ የለም እንዴ?»

«ከራሴ ጨምሬ ነው። ስለ ወይፈኑ ሲያወሩ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

አባባ ቶላ ቀና ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት በምን ቃል እንደምጽፈው እስካሁን አላገኘሁም።

ልጅ እንዳይሰበስቡ አስፈርመው ለቀቋቸው። ዳገቱን ስንወጣ «አባባ፣ ተቀየሙኝ?» አልኳቸው።

«አንተ ምን አጠፋህ?» አሉ። «እንስሳ ያለቀብኝ እኔ።»

ከዚያ ወዲያ ሲመሽ በራቸው ዝግ ሆነ። እንደ ድሮው ሰላም ይሉኛል፣ ራሴን ይዳብሱኛል፤ ተረት ግን ዳግመኛ አላወሩም። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሞቱ።

ኋላ የእነዚያን መንግሥታት ታሪክ ከመጽሐፍ ተማርኩ። ጦርነቱን፣ የጀርመንን መከፈል፣ የቦምቡን ፉክክር፣ በእኛና በጎረቤታችን መካከል ወዳጅ የተቀያየሩበትን ዓመት አነበብኩ። ሁሉም ከአባባ ቶላ ተረት ጋር ይገጥማል። ወይፈኑ ብቻ የለበትም።

ባለፈው ክረምት የአራት ዓመት ልጄን ቀበርኩ። ድንኳን ጣልኩ፣ ስሙን እየጠራሁ አለቀስኩ። ለመጣው ሰው ሁሉ ስለ እሱ አወራሁ፦ ጫማውን ሁልጊዜ አዟዙሮ እንደሚያደርግ፣ ስመለስ ከሩቅ እርምጃዬን ለይቶ እንደሚሮጥ። አንዱን ነገር አሥር ጊዜ አወራሁ። ሰዎች አሥር ጊዜ ሰሙኝ።

አባባ ቶላ ልጃቸውን የሚያወሩት ለእኛ ብቻ ነበር። እኛም የምንፈልገው ድቡን ነበር።