ለቁም ነገረኛ ገዢ ብቻ፦ ቮልስ ፍለጋ ወልቂጤና ቡታጅራ

ማለዳ፣ አየር ጤና

ሰማዩ ገና አልነጣም። የወልቂጤው ሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ወልቂጤ! ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው!» ይላል። ስገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ውሸቱ በጠዋት እንደጀመረ ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

የምሄደው ቮልስ ልገዛ ነው። አባቴ ድሮ ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። እናቴ ስትታመም ሸጣት፤ እናቴም አልተረፈች፣ ቮልሷም አልተመለሰች። አሁን ዓይኑን ግላኮማ ይዞታል፤ ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን አይመለስም ብሎናል። አባቴ ይሄን አድርጊልኝ ብሎኝ አያውቅም። በቀደም ግን «ዓይኔ ጨርሶ ሳይሄድ አንዲት ቮልስ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ባይ» አለኝ። ልንዳት እንኳን አላለም።

ቴሌግራም ላይ ያላነጋገርኩት ሻጭ የለም። አንዱ «በውስጥ አውሪኝ» ይልና በውስጥ ሳወራው ይጠፋል። አንዱ «ባልሽን አገናኚኝ» አለኝ። ሌላው ማታ የተስማማንበትን ዋጋ ጠዋት ሰቀለው። የወልቂጤው ብሩክ ግን ፎቶ ለጥፏል፤ ሰማያዊ ቮልስ፣ ኒኬሏ የሚያበራ፣ ከሥሯ «ለቁም ነገረኛ ገዢ ብቻ» የሚል ጽሑፍ። ቁም ነገረኛ ከተባለ ከእኔ በላይ ማን አለ?

«ለለቅሶ ነው?» አለኝ ሹፌሩ፣ ጋቢና አጠገቡ ስቀመጥ ፊቴን አይቶ።

«ቮልስ ልገዛ ነው።»

«ቮልስ! ቪትዝ ጠፍቶ ነው እህቴ?»

ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን እስክናልፍ ለተሳፋሪው ሁሉ ሲያወራልኝ መጣ።

ረፋድ፣ ወልቂጤ

ሙቀት፣ አቧራ፣ የባጃጅ ጡሩምባ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ። ብሩክ ስልክ አያነሳም። ሻይ ጠጣሁ፣ ደገምኩ። በመጨረሻ አነሳና «መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ፤ ለካ ከኋላዬ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ኖሯል።

«ለወሬ የሚመጣ ሰው ስለበዛ ነው፤ አትቀየሚኝ» አለ፣ ሳያፍር።

ወደ አንድ ጋራዥ ጓሮ ወሰደኝ። የቆመችው ቮልስ ድሮ ነጭ ሳትሆን አትቀርም። ጎማ የላትም። የኋላ ክዳኗን ስከፍት ሞተርም የላትም። ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።

«ይቺ ናት ሰማያዊዋ?»

«ፎቶው ለናሙና ነው እህቴ። ቀለም ምን ችግር አለው? ታስቀቢያታለሽ።»

«ሞተሩስ?»

«እሱም ይፈለጋል።»

ደሜ ፈላ። «ፎቶው የማን ነው?» ብዬ ስጮህ የጋራዡ ሰዎች ከበቡን። ሰው ሲበዛበት እውነቱ ወጣ፤ ቡታጅራ ያለ ናስር የሚባል ሰው የለጠፈውን ማስታወቂያ እንዳለ ገልብጦ ነው። የናስርን ስልክ ከሰጠኝ በኋላ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ከተስማማችሁ ኮሚሽኔን እንዳትረሺ።»

ከሰዓት፣ በአገና በኩል

ወደ አዲስ አበባ መመለስ ነበረብኝ፤ ግን እልህ ያዘኝ። ናስር ስልኩን ወዲያው አነሳ። «አሰላሙ አለይኩም። መኪናዋ አለች፤ ብቻ ዛሬውኑ ነይ» አለኝ። የሚቸኩል ሻጭ በማግኘቴ ደስ አለኝ።

አገናን ስናልፍ ብርዱ ጀመረ። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ ዳገቱ ላይ ጉም ተኝቷል። አረፋ ስለደረሰ የሚኒባሱ ጣሪያ ላይ በግ ታስሯል፤ በየኩርባው ይጮኻል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ልጆቻቸው ከየከተማው እንደሚመጡ ነገሩኝ።

«ለአረፋ የማይመጣ ልጅ የለም?» አልኳቸው።

«ካለማ ቤቱን ጥሏል ማለት ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አመሻሽ፣ ቡታጅራ

እውነተኛ ናት። ሰማያዊ፣ ንጹሕ፣ ወንበሯ ያልተቀደደ። ናስር ቁልፉን ሲያዞር በአንዴ ተነሳች። ያ ድምፅ! ልጅነቴ ሁሉ መጣብኝ። ለአባቴ ደወልኩና ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁት።

«የእጅ ፍሬኗን እይ» አለ አባቴ። «የእኛዋ ፍሬኗ አይታመንም ነበር፤ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ነበር የማደርግላት። አምጪያት ልጄ።»

ስልኩን ዘግቼ «ዋጋውን እንነጋገር» አልኩት ናስርን።

«እሺ፤ መጀመሪያ ግን እህቴ፣ ከመኪናዋ አጠገብ ቁሚልኝ።»

ስልኩን ደቀነብኝ። ፎቶ መስሎኝ ፀጉሬን አስተካከልኩ። ለካ በቪዲዮ እየደወለ ነው፤ ሁለት ሰዎች ስልኩ ውስጥ ይታያሉ።

«ውሸት ነው ትሉኝ አልነበር? ይኸው ገዢዋ! ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታለች!»

«እንዳትሸጣት!» ብሎ ጮኸ አንደኛው። «የአባታችንን መኪና! ለአረፋ እንመጣለን፣ ወላሂ እንመጣለን!»

ናስር ስልኩን ዘግቶ ዓይኑን ጠረገ። ወንድሞቹ ናቸው፤ አዲስ አበባ ይነግዳሉ፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ለአረፋ መጥተው አያውቁም።

«ቢለመኑ እምቢ አሉ» አለኝ። «ሽማግሌ ብንልክ እምቢ አሉ። መኪናዋ ልትሸጥ ነው ሲባል ግን…»

«ልትሸጣት አልነበረም ማለት ነው?»

«የአባት ንብረት ልጆቹ ሁሉ ሳይሰበሰቡ እንዴት ይሸጣል?» አለኝ፣ ይሄን የማላውቅ እኔ ሞኝ እንደሆንኩ ሁሉ።

እናቱ እልል እያሉ ወጡ። አልገባም ብል «ሞቼ ነው የማትገቢው» ብለው ጎትተው አስገቡኝ። ክትፎ በአይቤ ቀረበ። በሕይወቴ ከበላሁት ሁሉ ይጥማል፤ መጣሙ ራሱ አናደደኝ። ስነሳ ሁለት እጆቼን ይዘው «አላህ የልብሽን ይስጥሽ፤ ልጆቼን አመጣሽልኝ» ብለው መረቁኝ። የልቤ ውጭ ቆማ ነበር፤ ናስር ሸራ እያለበሳት።

ብሩክን ረግሜው ረሳሁት። የሚያቃጥለኝ ናስር ነው፣ ምክንያቱም ክፉ ሰው አይደለም። ሊያዝኑለት የሚገባ ሰው ነው፤ እኔ ግን አላዘንኩለትም፤ ዛሬም አላዝንለትም። እሱ ለእናቱ ሲል ያደረገውን እኔም ለአባቴ ሳደርግ ነበር፤ ልዩነቱ እኔ የማንንም ልብ ማጥመጃ አላደረግኩም።

ማምሻውን አባቴ ደጋግሞ ደወለ። አላነሳሁም።

በማግስቱ፣ ቤት

ቡኢ፣ ጢያ፣ መልካ ቁንጥሬ። በመስኮቱ ያለፈውን ሁሉ አየሁ፣ ምንም አላስታውስም። ለአባቴ የምነግረውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ሰፈራችን ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

የግቢያችን በር ሁለቱም መዝጊያው ተከፍቷል። የውሃ በርሜሎቹ ከቦታቸው ተነስተው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ማገዶው ወደ ጥግ ተከምሯል፤ መሃሉ ተጠርጓል። በዚያ ዓይኑ፣ እየዳበሰ።

አባቴ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ የታጠበ ድንጋይ ይዟል። የእግሬን ኮቴ ሲሰማ ፊቱ በራ።

«ድምፅዋን ሳልሰማ?» አለ፣ ድንጋዩን ይዞ እየተነሳ። «የት አቆምሻት?»