ለእማማ ያልነገርኳቸው ጥያቄ

ሮም ውስጥ ጣልያንኛ እንደኔ የሚያቀላጥፍ ሐበሻ አለ ካላችሁ አምጡልኝና እንወዳደር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ትራም ላይ ከአሮጊቶች ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነው የለመድኩት። ሐኪም ቤት፣ መኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ኩዌስቱራ፣ የትም ቢሆን አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

እማማ ዘመዴ አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየጣልያኑ ቤት ሽማግሌ ሲያስታምሙ ኖረው፣ እሳቸው ሲያረጁ ቶር ፒኛታራ ሰፈር አጠገብ ያለ የአረጋውያን ቤት ገቡ። ስትሮክ መታቸውና ጣልያንኛው ጠፍቶ አማርኛው ብቻ ቀረላቸው። እሑድ እሑድ እየሄድኩ አስቃቸዋለሁ።

አንድ ቀን ዶክተሯ ወረቀት ይዛ መጣች። «አሎራ፣ እንግዲህ ወደፊት መዋጥ ሲያቅታቸው በአፍንጫ የምግብ ቱቦ እናስገባ? ወይስ ሕመሙን ብቻ እያስታገስን እንተዋቸው? ራሳቸው ይወስኑ» አለችኝ።

እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ፊት ለፊት እንዲህ ይባላል እንዴ? ለዘመድ በጓሮ ይነገራል፤ ለበሽተኛው «ይድናሉ» ነው።

«እማማ፣ በደንብ እናክምዎት ወይ ትላለች» አልኳቸው።

«ምኑን ትጠይቃለች? ታክመኝ እንጂ።»

«ሁሉም ይደረግልኝ ብለዋል» አልኳት። ጻፈች፤ እሳቸውም ፈረሙ። እኔ በብልሃቴ እየኮራሁ ወጣሁ።

ከወራት በኋላ መዋጥ አቃታቸው፤ ቱቦው ገባ። እሳቸው ይነቅሉታል፣ ነርሶቹ ይመልሱታል። በመጨረሻ እጃቸውን ወፍራም ጓንት አልብሰው አልጋው ላይ አሰሩት። እሑድ ስደርስ ቀልድ ጀመርኩ፤ አልሳቁም።

«ይሄን አድርጉ ያለ ማነው?» አሉኝ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

ነገርኳቸው። የተጠየቁትን፣ እኔ የቀየርኩትን፣ ሁሉንም።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ስንቱን አስታምሜ፣ ዓይኑን ከድኜ ሸኝቻለሁ። ሞትን ከኔ ነው የምትደብቀው?»

አፈርኩ።

«በል ዶክተሯን ጥራት። የምልህን ብቻ ንገራት።»

ዶክተሯ መጣች። «ይውጣልኝ» አሉ። ነገርኳት።

«ሐሳባቸውን መለወጥ ይችላሉ። ግን ካወጣነው እንደሚሞቱ ገብቷቸዋል? ጠይቅልኝ።»

ያ ሁሉ ምላስ ተሳሰረብኝ። እማማ አፌን አፌን ያያሉ።

«እማማ... ከወጣ ይሞታሉ ትላለች።»

«አውቃለሁ በላት።»

ወረቀቱ ተቀየረ፣ ቱቦው ወጣ። ጓንቱን የፈታሁላቸው እኔ ነኝ፤ አንጓቸው ቀልቷል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሄድኩ። በሰባተኛው ቀን «ዶክተሯ ዛሬ ምን አለች?» አሉኝ።

«ለነገ አይደርሱም አለች።»

«እንግዲያው ለንስሐ አባቴ ደውልልኝ» አሉኝ።

ደወልኩ።