የመመለሻው ጉርድ

ናሆዳ ማዲ ዓሣ ሲገዙ የሚያዩት የዓሣውን ዓይን አይደለም፤ የሻጩን ነው። ዓሣ ከሞተ በኋላ አይዋሽም ይላሉ። በሞምባሳ አሮጌው ከተማ፣ ቤታቸው በር ላይ ካለው የድንጋይ መደብ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲመረምሩ ይውላሉ። ሰላምታ ያስረዘመ ሰው ብድር ፈልጎ ነው፤ ያሳጠረ ደግሞ የሚደብቀው ነገር አለው። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ የሸራ ጀልባ እየመሩ ዓረብ አገር ተመላልሰዋል፤ ናሆዳ የሚለውን የጀልባ አዛዥ ማዕረግም ያገኙት በዚያ ነው። ባሕር ያስተማራቸው አንድ ነገር ቢኖር ዝም ያለ ውሃ ሥሩ ድንጋይ እንደማያጣ ነው።

የመጨረሻ ልጃቸው ታቱ ማስካት ለሚሠራው ለኑህ ስትታጭም የልጁን ነገር በየመርከቡ፣ በየመስጊዱ አስጠየቁ። ነውር አልተገኘበትም።

"ነውር ያልተገኘበት ሰው መደበቅ የሚያውቅ ነው" አሉ። ሆኖም ኒካው ለዓርብ ተቆረጠ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሙሽራው አጎት ኑህ ለታቱ የላከውን ልብስ የያዘ ሻንጣ አምጥተው፣ ሃልዋ ቀምሰው ሄዱ። ከልብሱ ላይ የአውሮፕላን ቲኬት ተቀምጧል። ያኔ ቲኬት እንደ ደብተር የሚገለጥ ወረቀት ነበር። ናሆዳ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉትና ፊታቸው ተለወጠ። ለየጉዞው እየተቆረጠ የሚሰጠው ጉርድ ሁለት ነው።

"ታቱ፣ ነይ እስቲ አንብቢልኝ። ይኼኛው ምን ይላል?"

"ከሞምባሳ ማስካት ይላል፣ ባባ።"

"ያኛውስ?"

ታቱ ሁለተኛውን ገለጠች። "ከማስካት ሞምባሳ።"

"ገና ሳያገባሽ መመለሻሽን ከፍሏል" አሉ ናሆዳ።

በነሱ ሰፈር ሙሽራ ከቤት ስትወጣ "ተመለሽ" አይባልም። እናት እንኳ ብትሆን አትልም። በሩም ከኋላዋ ወዲያው ይዘጋል፤ ክፍት ከቆየ እግሯን ይጠራዋል ይባላል። ናሆዳ ግን ለመስጋት የባሰ ምክንያት ነበራቸው። ታላቅ እህታቸው ቢ ሳዳ በወጣትነታቸው ለአንድ የዓረብ ነጋዴ ተድረው፣ ጀልባ ወደ ዓረብ አገር በሚወስደው በደቡቡ ነፋስ ሄዱ፤ በዚያው ዓመት፣ በሰሜኑ ነፋስ ተመለሱ። ነጋዴው ሲወስዳቸው የመመለሻቸውንም ኪራይ አስቀድሞ ከፍሎ ነበር ተብሎ ተወራ። ቢ ሳዳ ከዚያ ወዲህ ባል አላገቡም። እናቷ የሞተችባትን ታቱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አሁንም ጥግ ይዘው ሩዝ እየለቀሙ ሁሉን ይሰማሉ።

በማግሥቱ ናሆዳ ቲኬቱን ኪሳቸው ከተው ሙርታዛ ዘንድ ሄዱ። ሙርታዛ ከአባቱ በወረሳት ጠባብ ሱቅ ቲኬት የሚሸጥ ሕንዳዊ ነው።

"ማስካት መሄጃ ብቻ ስንት ነው?" አሉት ቆመው።

"ለማን ነው፣ ናሆዳ?"

"ለሚሄድ ሰው።"

ሙርታዛ ዋጋውን ነገራቸው። ናሆዳ ቲኬቱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "ይኼስ?"

አገላብጦ አየው። "ይኼ ይረክሳል።"

"ሁለቱ ከአንዱ? አንድ ጆንያ ሩዝ ከሁለት ጆንያ ይወደዳል ነው የምትለኝ?"

"ሩዝ አይደለማ የምንሸጠው። ይቀመጡ እንጂ።"

"ቆሜ ይሻለኛል።"

"እሺ፣ እርስዎ በጀልባዎ መንገደኛ ይጭኑ አልነበር? ከሁሉም እኩል ይቀበሉ ነበር?"

ናሆዳ ጥያቄው ወጥመድ እንዳይሆን ዞር ዞር አድርገው አዩት። "ከጀልባ ጀልባ ዋጋ እየጠየቀ የሚዞረውን እቀንስለታለሁ። ካልቀነስኩለት ቤቱ ይገባል። ጓዙን ቋጥሮ እያለከለከ የሚመጣውን ደግሞ ፊቱን አየዋለሁ።"

"ፊቱን አይተውስ?"

"ያልኩትን ይከፍላል።"

"በቃ። ኩባንያዎቹ ፊት ማየት ስለማይችሉ ቲኬት ያያሉ። ደርሶ መልስ የሚለው ዘመድ ሊጠይቅ፣ አገር ሊያይ ነው፤ ከተወደደበት ይተወዋል። ስለዚህ ያባብሉታል፤ መመለሻውንም ለሌላ ኩባንያ እንዳይሰጥ በዚያው ያስሩታል። መሄጃ ብቻ የሚለው ግን ሥራ የጠራው ወይም ሐዘን የደረሰበት፣ የግድ ያለበት ነው ይላሉ። ግድ ላለበት ማን ይቀንሳል? በሌላ አገር እያንዳንዱን ጉዞ ለየብቻ በልኩ የሚሸጡም መጥተዋል። በዚህ መስመር ግን የሉም።"

"መመለሻውን ባትጠቀምበትስ?"

"ወንበሩ ባዶውን ይመጣል። አይወዱትም፤ ግን ማስካት ድረስ ሄደው አይፈልጓትም።"

"ጉርዱ እስከ መቼ ያገለግላል?"

"ዓመት።"

"ዓመት" አሉ ናሆዳ አንገታቸውን እየነቀነቁ። "ሚስት ለመጥላት ይበቃል።"

ከዚያ ወጥተው፣ መንገዱን ተሻግረው ሌላ ቲኬት ሻጭ ጋ ገቡ። ያኛውም ያንኑ ነገራቸው። ቃል በቃል ሊባል በሚችል ሁኔታ ያንኑ። ሁለቱ ተነጋግረዋል ማለት ነው ብለው እያሰቡ ወደ ቤታቸው አዘገሙ።

እራት ላይ ፍርዳቸውን ተናገሩ። "ወይ ሊመልሳት ያሰበ ነው፣ ወይ ቆንቋና ነው።"

"ውዱን ቢገዛ ኖሮ አባካኝ ነው ትለው ነበር፣ ባባ" አለች ታቱ።

"አባካኝም ሊሆን ይችላል። እሱን ገና አላጣራሁም።" ሳህኑን ገፋ አደረጉት። "ነገ መስጊድ እሄዳለሁ። ነገር ግን ልጄን ሰጥቻለሁ የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። በዚህ ቤት አንዴ የሆነው ይበቃል።"

ታቱ አንገቷን ደፋች። አባት ቃሉን ካልሰጠ ኒካ የለም።

ያን ጊዜ ቢ ሳዳ እጃቸውን ታጥበው በቀስታ አደረቁ።

"ማዲ፣ እኔን ማን ነው የመለሰኝ?"

"ባልሽ ነዋ። ይኼ ምን ጥያቄ ነው?"

"ያየ አለ?"

"ከተማው ሁሉ ያውቃል።"

"ለከተማው ያወራው አባታችን ነው። እኔን ማንም አልመለሰኝም፤ ራሴ ነኝ የመጣሁት። ሰውየው እጁ ክፉ ነበር። ነፋሱ እስኪዞር በመስኮት ሰማይ ሰማይ ሳይ ከረምኩና፣ እሱ ገበያ የሄደ ቀን ወደ ወደቡ ሮጥኩ።"

ናሆዳ የገፉትን ሳህን ወደ ራሳቸው መለሱት።

"ለመንገደኛ ኪራዩ አንድ አምባር ነበር። የጀልባው ናሆዳ ግን ፊቴን አየ። ሁለቱንም አምባሮቼን ወሰደ፣ የእግር አልቦዬንም ጨመረ። አልተከራከርኩትም። ምን ብዬ እከራከረዋለሁ?"

"እና ለምን አልነገርሽኝም፣ እቴ?"

"የተመለሰች ይታዘንላታል፣ የሸሸች ግን ቤተሰቧን ታስንቃለች አለ አባታችን። ዕድሜዬን ሙሉ ታዘነልኝ። አሁን ጠገብኩ።" ወደ ታቱ ዞሩ። "እኔ ስሄድ ይህን ወረቀት የሚሰጠኝ ባገኝ ኖሮ ኪሴ ውስጥ እደብቀው ነበር። የተከፈለበት መንገድ ነው። የማንንም ዓይን የማታዪበት።"

ናሆዳ በዘመናቸው የስንቱን ፊት አይተው ኪራይ እንደጨመሩ ማሰብ ጀመሩና ተዉት። ቲኬቱን ከኪሳቸው አውጥተው ሁለተኛውን ጉርድ ወደ መብራቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። አንድም ፊደል አያነቡም።

ዓርብ መስጊድ ውስጥ ሼኹ ቃሉን ሲጠይቋቸው ናሆዳ ወዲያው አልመለሱም። መጀመሪያ ማስካት ባለው በኑህ ስም የቀረቡትን አጎት ዓይን ዓይናቸውን አዩ። ሰው ሁሉ ጉሮሮውን መጠራረግ ያዘ። አጎትየው ዓይናቸውን ሰበሩ፤ ሲሰብሩም ናሆዳ አዩባቸው፤ ለሌላ ቀን መዝግበው ያዙት። ከዚያ "ሰጥቻለሁ" አሉ።

ታቱ የሄደች ዕለት አባቷና አክስቷ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኟት። የአየር መንገዱ ሠራተኞች የመሄጃውን ጉርድ ቆርጠው ወስደው፣ የቀረውን መለሱላት። ተመለሽ ያላት የለም። ቢ ሳዳ ሻሿን አስተካከሉላት። ናሆዳ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ጉርዱን የት አደረግሽው?"

"ቦርሳዬ ውስጥ።"

"እዚያ መሆኑን ማን ያውቃል?"

"አንተና አክስቴ ናችሁ። ኑህም ሳይገምት አይቀርም፤ የገዛው እሱ አይደል፣ ባባ?"

"እንግዲያው ቦታ ቀይሪለት።"

ታቱ ሳቀች። ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቀየረችለት።